ያለፉት መሪዎች በምን ሚዛን ይመዘኑ?

«ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ንጉሡ በአልጋው ላይ ሳለ እውነት ነበረ። ንጉሡ ካለፈ በኋላ ግን ይከሰሳል፤ ከሳሹም ጠበቃውም ምስክሩም ታሪክ ነው፤ በዳኝነቱ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ግን ከእርሱ በኋላ የተወለደው ትውልድ ነው። ዳኛ ሕግ ሳይዝ ቢፈርድ ሥራው ፍቅር ወይም ጥላቻ እንጂ ፍርድ አይባልምና፥ እኛም በዚህ ወንበር ላይ ከመቀመጣችን በፊት ሕጉ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል። ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዚህ መጽሔት ላይ ልናቀርበው የመረጥነው ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄው በክፍላችን የተነሣው ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ስንማር ነው። ክርክሩ ከዋሽንግተን ተነሥቶ ደብረ ታቦር ላይ አረፈ። ይህም አያስደንቅም፤ ሰው ስለ ሩቅ አገር መሪ ሲፈርድ አእምሮው ይሠራል፤ ስለ ራሱ አገር መሪ ሲፈርድ ግን ልቡ ይቀድመዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ልባችን በማይሞቅበት በሩቁ ጉዳይ ሚዛኑን ሠርተን፥ ኋላ በራሳችን ጉዳይ ላይ ብንሞክረው ይሻላል ብለን አሰብን።

አሜሪካውያን ያለፉትን ፕሬዚዳንቶቻቸውን በግልጽ መመዘን ከጀመሩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1948 አርተር ሽሌሲንገር የተባሉ የታሪክ ሊቅ የ55 ባለሙያዎችን አስተያየት ሰብስበው በ«ላይፍ» መጽሔት አወጡ። ፕሬዚዳንቶቹ ታላቅ፣ ለታላቅነት የቀረበ፣ መካከለኛ፣ ከመካከለኛ በታች፣ የወደቀ እየተባሉ በአምስት ክፍል ተመደቡ። አብርሃም ሊንከን ከሁሉ በላይ ሆኑ፤ ዩሊሰስ ግራንትና ዋረን ሃርዲንግ ግን ወደቁ ተባሉ። ከዚያ ወዲህም እንዲህ ያለ ምዘና በየጊዜው ይደረጋል። ሲስፓን የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባደረገው ምዘና ግራንት 33ኛ ነበሩ፤ በ2021 ግን 20ኛ ሆኑ። በዚያው ምዘና አንድሩ ጃክሰን 13ኛ ከነበሩበት ወደ 22ኛ ወረዱ።

በዚህ ነገር ጥቂት እናስብ። ጃክሰን የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1845፥ ግራንት የሞቱት በ1885 ነው። ሁለቱም ከመቃብር ወጥተው የሠሩት አዲስ መልካም ሥራ ወይም አዲስ ጥፋት የለም። የተለወጠው ሚዛኑን የያዘው እጅ ነው። ግራንት ከፍ ያሉት፥ ከባርነት የወጡትን ጥቁሮች ከሚገድለው ከኩ ክላክስ ክላን ጋር ያደረጉት ትግል ቀድሞ ሳይታይ ቆይቶ ኋላ ዋጋ ስላገኘ ነው። ጃክሰን ዝቅ ያሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1830 ባወጡት ሕግ የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች ከርስታቸው ተነቅለው ወደ ምዕራብ በመሰደዳቸው፥ በመንገድም በሺህ የሚቆጠሩ በማለቃቸው ነው። የቀድሞዎቹ ዳኞች እነዚህን ነገሮች አያውቁም አልነበሩም፤ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን በሚዛኑ ላይ አላወጡአቸውም።

በክፍላችን ሁለት ወገን ተለየ። አንደኛው ወገን «ሰው በዘመኑ ይመዘን» አለ። ጆርጅ ዋሽንግተን ባሪያ ነበራቸው፤ ሁሉም ሰው እኩል ተፈጠረ ብለው እ.ኤ.አ. በ1776 የጻፉት ቶማስ ጄፈርሰንም በዕድሜያቸው ዘመን ሁሉ ከ600 በላይ ባሪያዎች ነበሯቸው። ይህ ግን የዘመኑ ልማድ ስለ ነበረ ዛሬ ተነሥተን በእነርሱ ላይ መፍረድ፥ አያትን ስለ ምን በአውሮፕላን አልሄድህም ብሎ እንደ መክሰስ ነው አሉ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «በደል በየትኛውም ዘመን በደል ነው» አለ። ሰውን መሸጥ ትናንት ኃጢአት ሳይሆን ቀርቶ ዛሬ ኃጢአት የሆነበት ቀን የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ።

ይህን ክርክር የፈታልን አንድ ትንሽ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1688፥ ዋሽንግተን ሳይወለዱ፥ በፔንሲልቫንያ የሚኖሩ ጥቂት ክርስቲያኖች ባርነት ከክርስቶስ ትእዛዝ ጋር የማይስማማ መሆኑን ጽፈው ተቃውመው ነበር። ዋሽንግተንም ራሳቸው በኑዛዜያቸው ባሪያዎቻቸው ነጻ እንዲወጡ አዘዋል፤ ክፉ መሆኑን ባያውቁ ኖሮ ይህን አያዝዙም ነበር። ከዚህም በላይ ባሪያዎቹ ራሳቸው የዚያው ዘመን ሰዎች ነበሩ። «የዘመኑ ሰው እንዲህ ያስብ ነበር» ስንል፥ የጌታውን አሳብ ብቻ ቆጥረን የባሪያውን አሳብ ከዘመኑ ማውጣታችን ነው። እንግዲህ ሰው በዘመኑ ይመዘን ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን ዘመኑ ሙሉ ሆኖ ይቅረብ፤ የበላዩም የተበላውም ድምፅ ይሰማ። ይህ የመጀመሪያው ሕጋችን ሆነ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቁሐር ሚካኤል የሚገኘው በወረታ አጠገብ በፎገራ ሜዳ ነው። በስተ ምዕራብ ጣና አለ፤ ርብና ጉማራ ከደጋው ወርደው ሜዳውን አጠጥተው ወደ ጣና ይገባሉ። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ደብረ ታቦር ያደርሳል፤ በደብረ ታቦርም አጠገብ ጋፋት ትገኛለች። እንግዲህ የአፄ ቴዎድሮስ ነገር ለእኛ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም፤ የአገራችን የመሬቱ ነገር ነው። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ጋር ለማነጻጸርም ከእርሳቸው የተሻለ አይገኝም፤ ሊንከንና አፄ ቴዎድሮስ የአንድ ዘመን ሰዎች ነበሩና።

ሊንከን እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 ገዙ። አፄ ቴዎድሮስ ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. ከ1855 እስከ 1868 ነገሡ። ሁለቱም ድኃ ቤት አድገው በራሳቸው ጥረት ከፍ ያሉ ናቸው ይባላል። ሁለቱም አገራቸው ስትከፋፈል አይተው አንድ ለማድረግ ሰይፍ መዘዙ። ሁለቱም በሚያዝያ ወር በሽጉጥ ጥይት ሞቱ፤ ሊንከን በነፍሰ ገዳይ እጅ፥ አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው። ሊንከን ያለ ፍርድ ሰው እንዳይታሰር የሚከለክለውን ሕግ አግደው ብዙ ሰው አሳስረዋል፤ የጦር አለቃቸው ሸርማንም እ.ኤ.አ. በ1864 አትላንታ የተባለችውን ከተማ አቃጥሏል። ታዲያ ስለ አትላንታ ሊንከንን ይቅር ያለ ሰው ስለ ጎንደር አፄ ቴዎድሮስን ለምን ይኮንናል? ሲሉ ጓደኞቻችን ጠየቁ። ጥያቄው ቀላል አይደለምና መልሱን ከማየታችን በፊት ሥራቸውን በዝርዝር እንይ።

አፄ ቴዎድሮስ ከመነሣታቸው በፊት ኢትዮጵያ በዘመነ መሳፍንት ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይታ ነበር። በጎንደር ንጉሥ ቢኖርም ሥልጣኑ የስም ብቻ ነበረ፤ ሥራውን የሚሠሩት መሳፍንቱ ነበሩ። የቋራው ካሣ ኃይሉ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፥ በሰኔ 1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን በአይሻል፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ነሥተው፥ በዚያው በደረስጌ ማርያም «ቴዎድሮስ» ተብለው ነገሡ። ገበሬው ወደ እርሻው፥ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዘዙ። ወታደሩ ከባላገሩ ቀምቶ እንዳይበላ ደመወዝ ሊቆርጡለት ሞከሩ። የባሪያ ንግድ እንዲቀር አዋጅ ነገሩ። ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን የሚበቁትን ካህናትና ዲያቆናት ወስነው፥ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ እንዲሰጥ አሰቡ። መንገድ አስጠረጉ፤ ራሳቸውም ድንጋይ ይሸከሙ ነበር ይባላል። በጋፋት የእጅ ሥራ አዋቂዎችን ሰብስበው መድፍ አስፈሰሱ፤ «ሴባስቶፖል» የተባለው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ የተሠራው በዚያ ነው። ታሪካቸውም በግዕዝ ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው በአማርኛ ተጻፈ። አንድም እንኳ ከዚህ ሁሉ የተፈጸመ ባይኖር፥ ማሰቡ ብቻ ከመሳፍንቱ ሁሉ ይለያቸዋል።

ይህ በአንደኛው ሰሃን ላይ የሚቀመጥ ነው። በሁለተኛው ሰሃን ላይ ደግሞ የሚከተለው አለ። የካህናቱ መሬት ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያን ጋር አጣላቸው፤ አቡነ ሰላማንም አሰሩ፤ አቡኑ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ በመቅደላ እስር ላይ ሳሉ ዐረፉ። ዐመፀኛ በየአገሩ ሲነሣ ቅጣቱ እየከበደ ሄደ፤ በወሎ የብዙ ሰው እጅና እግር ተቆረጠ። ለእንግሊዟ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ተቆጥተው ቆንስሉንና ሚሲዮናውያኑን አሰሩ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፥ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አገሩ ሁሉ ሲከዳቸው በእጃቸው የቀረው የእኛው ቤጌምድር ስለ ሆነ፥ የሠራዊቱ ቀለብ ሁሉ በዚህ ባላገር ላይ ወደቀ። ጎተራው ተገለበጠ፥ ከብቱ ተነዳ፥ ቤቱ ተቃጠለ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርንም አቃጥለው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ስድስት ወር ያህል ተጉዘው መቅደላ ገቡ። በዚያም እንግሊዞች በደረሱ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ የአገራቸውን ልጆች፥ እስረኞቹን፥ በቁጣ አስገደሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ግን እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ።

ከጎንደር የተወሰዱት መጻሕፍት መጨረሻ ብዙ ያስተምራል። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያነሡአቸውን መጻሕፍት በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ሰበሰቡአቸው፤ እንግሊዞች ደግሞ ከመቅደላ ዘርፈው 350 ያህሉን ወደ ለንደን አገቡአቸው። ዛሬ እንግሊዝን መጻሕፍታችንን መልሽ ስንላት እውነት አለን። ነገር ግን ሙሉውን እውነት የሚናገር ሰው፥ መጻሕፍቱ ሁለት ጊዜ እንደ ተዘረፉ፥ የመጀመሪያውም ዘራፊ ባዕድ እንዳልነበረ አብሮ ይናገራል። ይህን መናገር የእንግሊዝን ዕዳ አይቀንስም።

አሁን ወደ አትላንታና ወደ ጎንደር ጥያቄ እንመለስ። ሁለቱም ከተሞች በወገን እጅ ተቃጥለዋል፤ ልዩነት ግን አለ። አንደኛ፥ ሸርማን አትላንታን ከማቃጠሉ በፊት ነዋሪዎቹን አስወጥቶ ነበር፤ ከተማይቱም የጠላት ጦር ስንቅና መሣሪያ የሚተላለፍባት ነበረች። ጎንደር ግን ምሽግ አልነበረችም። ሁለተኛ፥ ሊንከን በጦርነቱ መካከል እ.ኤ.አ. በኅዳር 1864 በሕዝብ ፊት ለምርጫ ቀርበዋል፤ ሕዝቡ የማይፈልጋቸው ቢሆን ኖሮ ሊያወርዳቸው ይችል ነበር። ምክር ቤትም ጋዜጣም በየቀኑ ይነቅፏቸው ነበር። የቤጌምድር ባላገር ግን ንጉሡን የሚነቅፍበት አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፤ እርሱም ጫካ መግባት ነው። ከዚህ የምንማረው ሁለተኛው ሕግ ይህ ነው፤ መሪን ስንመዝን እርሱን የሚገታው ሕግ ነበረ ወይስ አልነበረም ብለን እንጠይቅ። ፕሬዚዳንት መጀመሪያ በምርጫ፥ ኋላ በታሪክ ሁለት ጊዜ ይፈረድበታል። ንጉሥ ግን የሚፈረድበት በታሪክ ብቻ ስለ ሆነ፥ የእኛ አገር ታሪክ ጸሐፊ ሸክሙ ከአሜሪካው ይልቅ ይከብዳል።

ሦስተኛው ሕጋችን መሪው በራሱ ቃል ይመዘን የሚል ነው። ይህ ሕግ «በዛሬ ሚዛን የትናንቱን ሰው አትመዝኑ» የሚለውን ተቃውሞ ይመልሳል፤ ሚዛኑን የሰጠን ራሱ ሰውዬው ነውና። አፄ ቴዎድሮስ ወታደር ባላገሩን አይዝረፍ ያሉት በንግሣቸው መጀመሪያ ነው። ስለዚህ በ1859 ዓ.ም. የቤጌምድር ባላገር በተዘረፈ ጊዜ የፈረሰው የእኛ ዘመን ሕግ ሳይሆን የራሳቸው የንጉሡ ሕግ ነበረ። የፎገራ ገበሬ በዚያን ጊዜ አቤት ቢል ኖሮ የሚጠቅሰው የንጉሡን ቃል ነበር። ነገር ግን ይኸው ሕግ ለክሱ እንደሚያገለግል ለምስጋናውም ያገለግላል፤ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት መሳፍንት ለባላገሩ እንዲህ ያለ ቃል ስላልገቡ፥ ቃላቸውን አፈረሱ ተብለው እንኳ ሊከሰሱ አይችሉም። ቃል ገብቶ የወደቀ፥ ቃል ካልገባው ይሻላል፤ ቃሉን ከፈጸመው ግን ያንሳል።

አራተኛው ሕግ ጥፋቱን ባየ ጊዜ ተመለሰን? የሚል ነው። በዚሁ በጣና ዙሪያ አገር የነገሡት አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በአዋጅ ሊያስገቡ ፈልገው ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ግን በወይና ደጋ ጦርነት የወደቀውን የገዛ ሕዝባቸውን ሬሳ ካዩ በኋላ፥ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የጀመሩት ነገር ስሕተት ነበር ብንል፥ መመለሳቸው ግን በብዙ ነገሥታት ዘንድ የማይገኝ ነገር ነው። ዘውድን ከመተው ይልቅ ሕዝብን መተው ለገዥ ይቀለዋልና።

አምስተኛው ሕግ ምስክሩን መርምር ይላል። የአለቃ ዘነብ ዜና መዋዕል አፄ ቴዎድሮስን ያመሰግናል፤ ግን ክፉዎቹ ዓመታት ሳይመጡ ያበቃል። አለቃ ወልደ ማርያም የመጨረሻውንም ዘመን ጽፈዋል፤ ቃላቸውም መራራ ነው። እነ ስተርን፣ እነ ብላንክ፣ እነ ራሳም ደግሞ የጻፉት ታስረው ከተፈቱ በኋላ ነው፤ የታሰረ ሰው ስለ አሳሪው ሲጽፍ እውነት ቢናገርም እንኳ ሙሉውን ይናገራል ማለት አይቻልም። እኛ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማረን ልጆች በዚህ ረገድ ከሌላው ይበልጥ ልንጠነቀቅ ይገባናል። የሚሲዮናውያኑን ሰንሰለት አጥብቀን ሰምተናል። ነገር ግን በጋፋት መድፍ ያፈሰሱት እነማን ነበሩ? እነ ዋልድማየር፥ ከስዊዘርላንድ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የቅድስት ክሪሾና ሚሲዮን ሰዎች ነበሩ። ንጉሡ ቢያዝዟቸውም የሠራው እጃቸው ነው። ስለዚህ የሚሲዮኑ ሰው በዚህ ታሪክ ተበዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ምስክር ጎድሏል፤ እርሱም ጎተራው የተገለበጠበት ገበሬ ነው። እርሱ አልጻፈም፤ የሚጽፍለትም አላገኘም። ያልተጻፈ በደል ግን ያልተፈጸመ በደል አይደለም።

የፍርድ መለዋወጥ በአሜሪካ ብቻ የሚታይ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚታወሱት በጭካኔያቸው ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት ግን ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የተባለውን ተውኔት፥ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፥ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ጽፈው የአንድነት አባትና የጀግንነት ምሳሌ አድርገው አቀረቡአቸው። ዛሬ የሴባስቶፖል ምስል በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 በጄኔቭ ስለ አገራቸው ተናግረው ዓለም ያደነቃቸው ንጉሥ፥ በወሎ ረኃብ ምክንያት ሕዝብ ተነሥቶባቸው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ተገደሉ፤ አፅማቸው በክብር ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ሐውልት ቆመላቸው። የጄኔቩ ንግግርም የወሎው ረኃብም በየቦታቸው አሉ፤ የተፈራረቀው ከሁለቱ የምናየው ነው።

ስለዚህ ንጉሥን በአንድ ቃል ጥሩ ወይም መጥፎ ብሎ መጨረስ፥ ወይም እንደ አሜሪካውያን በተራ ቁጥር መደርደር፥ የማይበቃ ሆኖ አገኘነው። አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ግብፆችን ድል ነሥተዋል፥ በመተማም ስለ አገራቸው በ1881 ዓ.ም. ወድቀዋል። በወሎ ግን እስላሞች በግድ እንዲጠመቁ አዝዘዋል፤ ጎጃምንም አጥፍተዋል። አፄ ምኒልክ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ የሚሆን ድል አግኝተዋል። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ የፈሰሰው ደም ግን በዓድዋ ድል አይታጠብም፤ በዓድዋ ለጣልያን የተዋጉት የኤርትራ ልጆች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው የተቆረጠውም እንዲሁ። የዓድዋም ድል በእነዚህ ምክንያት አይሠረዝም። ትግሬው አፄ ዮሐንስን፥ ሸዌው አፄ ምኒልክን፥ ጎንደሬው አፄ ቴዎድሮስን ብቻ እያነሣ፥ የሌላውን ንጉሥ ደግሞ በጥፋቱ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፥ ይህ ታሪክ ሳይሆን የጠበቆች ጉባኤ ነው።

ይህ ነገር በቀድሞ ነገሥታት ላይ ብቻ የሚቆም እንዳይመስለን። የፎገራ ሜዳ ዛሬ በሩዝ ይታወቃል፤ ቀድሞ ውኃ ተኝቶበት ብዙ የማይጠቅመው መሬት ዛሬ የስንቱን ቤት ይመግባል። ሩዙ ወደዚህ አገር የገባው በደርግ ዘመን ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የብዙ እናት ልጅ ያለቀውም በዚያው በደርግ ዘመን ነው። ሩዙን ስለ በላን ደሙን እንርሳን? አይሆንም። ደሙን ስለምናስታውስ ሩዙ ከሰማይ ወረደ እንበልን? ይህም አይሆንም። ሁለቱንም በሁለት ዓምድ ጽፈን፥ አንዱ አንዱን ሳይሠርዘው ማቆየት ይገባናል። ነጋዴ እንኳ በመዝገቡ ላይ ገቢውን በአንድ በኩል፥ ዕዳውን በሌላ በኩል ይጽፋል፤ ገቢው ብዙ ስለ ሆነ ዕዳውን ከመዝገብ የሚፍቅ ነጋዴ አታላይ ይባላል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ መመዘን ምን ይጠቅማል? ሙታንን መተው አይሻልምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጀርመንንና ጃፓንን በመዋጋታቸው ከታላላቆቹ ተርታ ይቆጠራሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1942 በሰጡት ትእዛዝ 120 ሺህ ያህል ከጃፓን ዘር የተወለዱ ሰዎች ያለ ጥፋታቸው በሰፈር ታጉረው ነበር። አገሪቱ ይህን በሚዛን አወጣችው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 መንግሥት በሕግ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ለተገኙት ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር ካሠ። የሩዝቬልት ታላቅነት አልፈረሰም፤ የተበደሉት ግን ዜግነታቸው ታወቀላቸው። ሙታንን መመዘን የሚጠቅመው እንግዲህ ለሙታኑ ሳይሆን ለሕያዋኑ ነው። በደሉ ያልታወቀለት ሕዝብ ቂሙን ለልጁ ያወርሳል፤ በጎው ያልታወቀለትም እንዲሁ።

በአገራችን ባለፉት ዓመታት ወጣቶች በሞቱ ነገሥታት ስም ሲሰዳደቡ፥ ከስድብም አልፈው ሲጣሉ አይተናል። የሚጣሉት ብዙዎቹ ስለሚወዱት ንጉሥ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ያነበቡ አይደሉም፤ ስለሚጠሉት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ያውቃሉ። ከእኛ መካከል ነገ መምህር የሚሆን፥ ዳኛ የሚሆን፥ ምናልባትም አገር የሚመራ ይኖራል። መምህር የሚሆነው በክፍሉ ውስጥ የልዩ ልዩ አገር ልጆች ሲቀመጡ፥ ለአንዱ አባት የሆነው ንጉሥ ለሌላው አያቱን የገደለ መሆኑን ዐውቆ ሊያስተምር ይገባዋል። ይህን የሚችለው ደግሞ የራሱን አገር ንጉሥ አስቀድሞ በሚዛን ላይ ሲያወጣ ነው። እኛ የቤጌምድር ልጆች ስለ ሆንን የጀመርነው በአፄ ቴዎድሮስ ነው፤ ስለምንወዳቸው ነው የጀመርንባቸው። የሌሎች አገር ልጆችም በየራሳቸው ንጉሥ ቢጀምሩ፥ በመካከል መንገድ ላይ እንገናኛለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

በክፍላችን በመጨረሻ ድምፅ ሲሰጥ፥ አፄ ቴዎድሮስ ታላቅ ንጉሥ ነበሩ የሚለው ወገን በለጠ። ነገር ግን ለዚያ ወገን ድምፅ የሰጠነው ሁሉ ከታላቅነታቸው ቀጥሎ የጎንደርን መቃጠልና የቤጌምድርን ባላገር ማለቅ በዚያው ወረቀት ላይ እንዲጻፍ ተስማማን፤ የተቃወመውም ወገን ከጥፋታቸው ቀጥሎ ለአንድነት የከፈሉትን ዋጋ እንዲጻፍ ፈቀደ። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች በድምፅ ቢለያዩም በእጃቸው የያዙት ወረቀት አንድ ዓይነት ሆነ። ይህን ወረቀት ከእኛ በኋላ በዚህ ክፍል ለሚቀመጡት ታናናሾቻችን እንተወዋለን፤ እነርሱም በተራቸው ይመርምሩት፤ እኛ ሳናይ የቀረነውም ቢገኝ ይጨምሩበት።